ኦና ቤት ሲከራይ፦ የሚባለውና እውነቱ

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ያለችው ሲሪንቃ ስትጠራ ቀድሞ የሚነሳው የግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው። ግራና-አንድ የተባለው የማሽላ ዝርያ የወጣው ከዚያ ነው። ቅርስ ሲባል ደግሞ የሰሜን ወሎ ሰው ፊቱን ወደ ላሊበላ ያዞራል። ግድግዳው ደህና ሆኖ ጣሪያው የከዳውን አሮጌ የድንጋይ ቤት ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ዳቦ ቤት፣ ቁርስ ቤት ወይም ልብስ ስፌት ለመክፈት ያሰበ ወጣት እንዲህ ያለ ኦና ቤት ዓይኑ ሲገባ ግን መካሪ አያጣም። ችግሩ፣ ከምክሩ ብዙው ቤቱንም ገንዘቡንም ይዞ የሚጠፋ መሆኑ ነው።

«ቅርስ ከሆነ ንግድ አይገባበትም» ይባላል። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ግን ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሲያሳድር፣ ምሳ ሲያቀርብ የኖረ ቅርስ ነው። የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረው መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ተማሪ ገባበት። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ደሴ ላይ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ሙዚየም ነው። ሐረር ውስጥ ደግሞ ራስ ተፈሪ የኖሩበት የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት የአብዱላሂ አሊ ሸሪፍን ስብስብ ይዞ ለጎብኚ ክፍት ነው። አስመራማ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩ ሲኒማ ቤቶቿንና ቡና ቤቶቿን እየተገለገለችባቸው ነው በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው።

ሕጉም አይከለክልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድደዋል፤ ለጥገና ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲወስድ ይጠይቃል። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን የሚችልበት በርም አለው። ይህን በር አንኳኩቶ የሚሞክር ሰው ብዙ አይመስለኝም።

እንዲያውም አሮጌ ቤት የሚጎዳው ሰው ሲለቀው ነው። ነፋስ አንድ ቆርቆሮ ያነሳል፤ ሰው ካለበት በማግስቱ በሚስማር ይመታል፣ ኦና ከሆነ ክረምቱ ሙሉ ያፈሳል። ውሃው ከግድግዳው አናት ገብቶ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ጭቃ እያጠበ ይወርዳል። ወራጁ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጎረቤት በሩን ነቅሎ ቢወስድ ማን ይፈርድበታል?

«ባለቤት የለውም» የሚለው ወሬ ግን ከሁሉም በላይ ያከስራል። ከተማ ውስጥ ባለቤት የሌለው ቤት የለም ብሎ መነሳት ይሻላል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ገቡ። ስለዚህ የአንድ ባላባት ወይም ነጋዴ የነበረ ቤት ዛሬ በመዝገብ የቀበሌ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ወራሾችም ሊጠይቁት ይችላሉ። «የአያቴ ነበር» ያለ ሰው ቁልፍ ስለሰጠ ብቻ ውል አይፈረምም። ሀብሩ ላይ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ቤቱ በቅርስነት መመዝገብ አለመመዝገቡን ለማወቅ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። ቅርስ የሆነ ሁሉ በአዲስ አበባ የሚወሰን የሚመስለውም ተሳስቷል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባቸዋል።

አሁን ወደ ሲሚንቶ እንምጣ። «አሮጌውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነው፣ ይጠነክራል» የማይል ግንበኛ ማግኘት ከባድ ነው። ለብሎኬት ቤት ልክ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ ለተገነባ የድንጋይ ቤት ግን ገዳይ ምክር ነው።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውን ደግሞ በገጹ በኩል ወደ ውጭ ያተናል። የጭቃና ጭድ ምርጊት ወይም የኖራ ልስን ያሳልፈዋል፤ ሲሚንቶ ይዘጋበታል። ውሃው ከልስኑ ጀርባ ሲታቆር በድንጋዮቹ መሃል ያለው ጭቃ ይላላል። ሁለት ሦስት ክረምት ልስኑ ያማረ መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ ከታች፣ ከመሠረቱ በላይ፣ ማበጥ ይጀምራል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት የባዶ እንስራ ድምፅ ይሰጣል። ሲወድቅም ብቻውን አይወድቅም፤ የድንጋዩን ፊት ልጦ ነው። የፕላስቲክ ቀለምም የዚሁ ወንድም ነው። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም፤ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጎንደርን ፋሲል ግቢ በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግነውት፣ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው።

ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፣ ለሳምንታት ተሸፍኖ ይቆያል፣ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል፤ ከተለሰነም በኋላ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ነው። በሐምሌ የተለሰነ ኖራ ታጥቦ ይወርዳል። ሲሪንቃ ያለችበት ይጁ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ፣ ለልስን ምቹ የሆነው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው። ገንዘብ ካነሰ ልስኑ ይቆይ፤ ጣሪያው፣ አሸንዳውና በቤቱ ዙሪያ ያለው የውሃ ቦይ ይቅደሙ።

«ጣልያን የሠራው አይፈርስም» የሚለውንም እንስማ። እውነት ነው፣ ከደሴ በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚወጣውን መንገድ በወረራው ዘመን የዘረጋው ጣልያን ነው። ድንጋይ የጠረበውና የተሸከመው እጅ ግን በብዛት የአገሬው ነበር። ደግሞስ፣ አርመን፣ ግሪክና ህንድ ግንበኞች ከወረራው በፊት የሠሩት፣ የአገር ባላባት ያስገነባውም ብዙ ነው፤ ድንጋዩ ቀጥ ያለውን ቤት ሁሉ ለጣልያን መስጠት ምን የሚሉት ነው? ኮንክሪቱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ሰገነት ስር ቡናማ መስመር ካዩ መሐንዲስ ሳያሳዩ እላዩ ላይ ወንበር አይደርድሩ።

የዚሁ ተረት ልጅ «ጣልያን ወርቅ ቀብሮበታል» የሚለው ነው። በሌሊት መሠረት የሚቆፍር ሰው የሚያገኘው የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው። በግንባታ ቁፋሮ ጥንታዊ ነገር ቢገኝም አግኚው ወዲያውኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 209 ያዛል።

ኦና ቤት ጂን አለበት የሚባለውስ? ሌሊት ቋ የሚለው ሲቀዘቅዝ የሚኮማተር ቆርቆሮ ነው፣ ጣሪያ ስር የሚንሾካሾኩት የሌሊት ወፎች ናቸው። የሚያስፈራው ኩሳቸው ነው። ሲደርቅና ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ሻጋታ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሳይጠርጉት በፊት ውሃ አርከፍክፎ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ማውጣት ይገባል።

በመጨረሻ የሚመጣው «ቱሪስት ከሌለ አያዋጣም» የሚለው ነው። ደሴ ሙዚየም በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፏል፤ የላሊበላ አስጎብኚዎችም መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሆኑ እናውቃለን። ቱሪስት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ በመጀመሪያው ተኩስ ይወድቃል። ሲሪንቃ ላይ ደንበኛው ሹፌሩ፣ ገበያተኛው፣ ተማሪውና የምርምር ማዕከሉ ሠራተኛ ነው፤ ቁርስ ቤት፣ ስፌት፣ መጻሕፍት መሸጫ፣ የማር መደብር ለእነዚህ ይሆናል።

ያም ሆኖ ሁሉም ሥራ ለሁሉም ቤት አይሆንም። የወፍጮ ንዝረት የጭቃ ግንብ ያላላል፤ ወፍጮ የግድ ከሆነ ከቤቱ ተለይቶ በራሱ መሠረት ላይ ይተከል። ማዳበሪያና ጨው የሚከማችበት ግድግዳ ጨውን ይስባል፤ ጨዉ ውስጥ ለውስጥ ሲረጋ ድንጋዩን ያፈረፍረዋል። ዳቦ ቤት ከሆነ ምድጃው ከእንጨት ጣሪያው ይራቅ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ለምድጃው ታስቦ እንደ አዲስ ይዘርጋ። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ሲቃጠል ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤቱ አብሮ ነዷል፤ አሮጌ እንጨት እሳት ከያዘው ፋታ አይሰጥም።

ሥራው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ውሉ ነው። ጣሪያውን የሚያድሰው ማን እንደሆነ፣ ወጪው ከኪራይ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑ፣ ከታደሰ በኋላ አከራዩ ስንት ዓመት ሳያስለቅቅ እንደሚቆይ በጽሑፍ ይስፈር። ለፍቶ ያሳደሰውን ቤት በዓመቱ ልቀቅ የሚባል ተከራይ ጥቂት አይደለም።