ብርዕና ጥላሸት

 በነባር አድባራት የብራና መጽሐፍ ገልጦ የማየት ዕድል የደረሰው ሰው ዓይኑ ፈጥኖ የሚያርፈው ባማረው ባለቀለም ሥዕል ላይ ነው። ከንባቡ በላይ የተጠላለፈውን ሐረግ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። እኔ ለሐረጉ አዳላለሁ። የአገራችን ሥዕል አጥንቱ መስመር ነው፤ መስመሩን የሚያወጣውም ያው የሚጽፈው ብርዕ ነው።

ብርዑ ከሸምበቆ ወይም ከመቃ ተቆርጦ ጫፉ ይቀረጻል፤ ሲደነዝዝ እንደገና ይቀረጻል። ትዕግሥት የሚፈታተነው ጥቁሩ ቀለም ነው። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ እስኪያር የተቆላ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልና ሙጫ አንድ ላይ ይወቀጣሉ፤ በውሃ ተበጥብጠው ለወራት ይቦካሉ። በቆየ ቁጥር ይጠቁራል። ሲደርስ በቀንድ ይቀዳል፤ የጥቁሩና የቀዩ ቀንድ ጎን ለጎን መሬት ላይ ይተከላሉ። ቀዩ ለአምላክና ለቅዱሳን ስም፣ ለንባብ መክፈቻ፣ መጽሐፉን ላስጻፈውም ሰው ስም ነው።

ብራናው ብዙውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው። ማስመሪያው ወስፌ እንጂ ቀለም አይደለም፤ ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ካላደረጉት መስመሩ አይታይም። የተሳሳተ ፊደል በስለት ይፋቃል።

ብርዕ እንደልቡ የሚሆነው ግን በክታብ ላይ ነው። ክታቡ ባለቤቱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው በቁመቱ ልክ ይዘጋጃል፤ አንድ ቁራጭ ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ ሦስት ብራና ይቀጣጠላል። በጸሎቱ መካከል ጠልሰም ይሣላል። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፦ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከመሐሉ አንድ ፊት። ቅንድብና አፍንጫ በአንድ መስመር ይወርዳሉ። ዓይኖቹ ከፊቱ ጋር ሲነጻጸሩ ከመጠን በላይ ትልቅ ናቸው፤ በኮከቡ ጫፎች መካከልም ሌሎች ዓይኖች ተሰግስገዋል። በበሽተኛ ላይ ያደረ ጋኔን በበሽተኛው ዓይን በኩል ይህን ሲያይ ደንግጦ ይወጣል ነው እምነቱ። ቤተ ክርስቲያን ድርጊቱን ታወግዛለች፤ ሠሪዎቹ ግን እዚያው ቅኔና ዜማ የተማሩ ደብተራዎች ናቸው። ክታቡ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። እንዲህ ዓይነቱን ፍቅፋቂ ሳይ ከጠልሰሙ ይልቅ እርሱ ይይዘኛል፤ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ላይ ተኝቷል።

አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ ሥዕል ከደብር ወጥቶ ክፍል ገባ። ጠልሰሙም አብሮ ወጣ። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን የክታብን ዓይንና ምልክት ወደ ዘመናዊ ሥዕሉ አመጣ። የደብተራው ጌዴዎን መንገድ ሌላ ነበር፤ ባህላዊውን ጠልሰም በወረቀትና በእስክሪብቶ ቀጠለው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፓሪስ ላይ በኢትዮጵያ ጥበብና ፈውስ ዙሪያ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ሥራው ከሌላው ደብተራ ከገራ ጋር ቀርቧል። የእስክሪብቶ መስመር እንደ ሸምበቆ አይወፍርም አይቀጥንም፤ ጌዴዎን ግን ቀጫጭኑን እያደራረበ፣ ወረቀቱን ጥግ እስከ ጥግ በዓይን ሞላው።