«አንደርማይን»፦ ከሥር መቦርቦር



«አንደርማይን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ብዙዎቻችን «ማዳከም» ብለን እናልፈዋለን። ቃሉ ግን ከዚያ የጠበበ ነው። «አንደር» ከሥር፣ «ማይን» መቆፈር ነው፤ ጥንት የተከበበን ግንብ ለመጣል ከሥሩ መቆፈርን ይገልጽ ነበር።

ከጉና ተራራ የሚነሱትን ርብና ጉማራን በክረምት ያየ ይረዳዋል። ጎርፉ ዳርቻውን ከሥር ይቦረቡራል፤ ላዩ ሣር ለብሶ ደህና ይመስላል፤ አንድ ቀን ይናዳል። በሱረቱ አት-ተውባ 109ኛ አንቀጽ፣ ስለ መስጂደ ዲራር በሚናገረው ክፍል፣ ሊናድ በተቃረበ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ሕንፃ በምሳሌነት መቅረቡን ልብ በሉ።

ስለዚህ ቃሉ የሚስማማው ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜም በስውር ለሚሆን መሸርሸር ነው። ሐሜት መተማመንን «አንደርማይን» ያደርጋል። ጉንፋን ጉልበት ሲያሳጣን ግን «ዊክን» ይበቃል።

«አንደርኤስቲሜት» ከሚለው ጋርም አናምታታው። ጓደኛችን ፈተናውን አያልፍም ብለን በልባችን ካሰብን አሳንሰን ገመትነው፤ ያ «አንደርኤስቲሜት» ነው። «አትችልም» እያልን በራስ መተማመኑን ከሸረሸርን ግን «አንደርማይን» አደረግነው።

የጀመዓችንን አንድነትስ ከሥር የሚቦረቡረው ምን ይሆን? ዳርቻው ሳይናድ እንየው።