ስለ አሮጌ አውቶቡስ የእንጨት አጽም
በጥንት ጊዜ የብዙ አውቶቡሶች ላሜራ የሚያርፈው በእንጨት አጽም ላይ ነበር። ይህን አጽም የሚያድስ አናጺ በደጋ አገር የሚፈራው መበስበስን ነው፤ ይኸውም ከላሜራው ሥር የገባ የዝናብ ውሃ መውጫ አጥቶ የታችኛውን አግዳሚ ስለሚበላው ነው። በአዋሽና በሰመራ ግን፣ እንደምናስበው፣ የባሰው ጠላት ድርቀት ነው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በጎኑ ግን ይኮማተራል። ስለዚህ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ፣ ተጋጥሞ የመጣ የዋንዛ አጽም 430 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሰመራ መጋጠሚያው ይላላል። ቡሎን ደጋግሞ ማጥበቅ ለጊዜው ብቻ ነው። (በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር በአዋሽ በኩል ያመላልሳቸው የነበሩትን የእንጨት ፉርጎዎችም ይኸው ሕግ ይገዛቸዋል።) ይልቁንም አዲሱ እንጨት ተሰንጥቆ በዚያው በቆላው ጥላ ሥር ወራት ከርሞ ቢገጣጠም ይሻላል። አሮጌው ቁራጭ ምስጥ የበላው እንኳ ቢሆን ልኩ ሳይወሰድ አይጣል፤ የጣሪያውን ጉብጠት የሚያሳይ ሌላ ፕላን ብዙ ጊዜ አይገኝምና።