የሰኔ 4 ምስጢር፦ ማንዴላ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?

ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም ዋሽንግተን ላይ የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ዕጣ ሲወጣ የብዙ ሰው ዓይን የነበረው ብራዚል፣ እንግሊዝና አርጀንቲና ላይ ነው። እኔ ግን ደቡብ አፍሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትደለደል ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የመክፈቻ ጨዋታ! ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ! ቀኑ ደግሞ ሰኔ 4! እንዴ፣ ይቺን ቀን አውቃታለሁ እኮ!

አዎ፣ እናንተም ታውቋታላችሁ። ሰኔ 4 ቀን 2002 ዓ.ም፣ ዕለተ ዓርብ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሶከር ሲቲ። አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫን ያስተናገደችበት ቀን። ያኔም የመክፈቻው ተጋጣሚዎች እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። ልክ 16 ዓመት ቆጥሮ ያው ቀን፣ ያው ጨዋታ ለአዝቴካ ስታዲየም ወጣ።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ጨዋታው አይደለም። ከጨዋታው በፊት ስላለው ግምት ነው። ኳስ አፍቃሪ ከኳሱ እኩል የሚወደው ነገር ቢኖር ግምት ነው። መክፈቻው ላይ ማን ይዘፍናል? ምን ይታያል? ማን ድንገት ብቅ ይላል? በ2002 ዓ.ም እኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ አንድ ኳስ አስይዞ ነበር።

መርጡለ ማርያም፣ ግንቦት 2002

መርጡለ ማርያምን ለማታውቁ፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ ወደ ዓባይ በኩል ገባ ብላ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከጥንታዊው ቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ ንግሥት እሌኒ ያሠሩትን ግንብ ፍርስራሽ ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። እኛ ልጆቹ ግን ያኔ ከግንቡ ይልቅ የምናውቀው አንዲት ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለውን ዲሽ ነበር። እንጨት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ጥግ ላይ ማንቆርቆሪያ። ለጨዋታ አንድ ብር ይከፈላል፤ ብር የሌለው በመስኮት ያያል። እኔ ብዙውን ጊዜ የመስኮት ደንበኛ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም 12 ነው።

ግንቦት ሲገባ ሻይ ቤቱ ሥራው ግምት ብቻ ሆነ። አንዱ ሻኪራ ራሷ መክፈቻው ላይ ትዘፍናለች ይላል። ሌላው ዘፋኙ ሶማሌው ኬናን ነው፣ ጎረቤታችን ስለሆነ የኛም ድርሻ አለበት ይላል። ስታዲየሙ በቅል ቅርጽ እንደተሠራ የሰማው ደግሞ ከቅሉ ውስጥ አንድ ነገር ፈልቆ ይወጣል ብሎ ድርቅ አለ። አንበሳ ይለቀቃል ያለም ነበር! ተሳቀበት፤ ግን የሳቁትም ‹‹ይሆን እንዴ?›› ማለታቸው አልቀረም።

ከሁሉም በላይ ያከራከረው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ማንዴላ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?

ሰውየው 91 ዓመታቸው ነው። አቅም የላቸውም፣ ሰኔ ደግሞ እዚያ አገር ብርድ ነው። ቤተሰባቸው ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ሊሉ እንደሚችሉ ይናገራል፤ አዘጋጆቹም ቁርጡን አይናገሩም። እንግዲህ ግምት የሚጣፍጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

መምህር ያወሩልን

ከሻይ ቤቱ ደንበኞች አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ትልቁም ትንሹም ‹‹መምህር›› ይላቸዋል። ጋዜጣ ከባሕር ዳር ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ቢደርስም አንድ ገጽ አያስቀሩም። እኛ ስለ ሻኪራ ስንጨቃጨቅ ዝም ብለው ይሰማሉ። የማንዴላ ነገር ሲነሳ ግን መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

ማንዴላ ለኛ የሩቅ ሰው አይደሉም አሉን። በ1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ መጥተው ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። የዚያ ዓመት ጥር ላይ ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ በልቷል። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ያው ይድነቃቸው ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲመሩ፣ አፓርታይድ እስካለ ድረስ ደቡብ አፍሪካ በአፍሪካ ሜዳ እግሯን እንዳታሳርፍ ታግለዋል። ኮንፌዴሬሽኑን እ.ኤ.አ በ1957 ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ነው ከመጀመሪያው ዋንጫ የቀረችው። ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም ሲያርፉ ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ።

ታዲያ መምህር ነገሩን ሲቋጩ፣ እኚህ ሰው ሶከር ሲቲ ብቅ ካሉ የይድነቃቸውም ድካም አብሮ ብቅ አለ ማለት ነው አሉ። እኔ ያን ቀን ወሰንኩ፤ ማንዴላ ይመጣሉ!

የሰፈሬ ልጅ ደግሞ አይመጡም አለ። ክርክሩ ወደ ውርርድ ሄደ። እኔ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን ላስቲክ ኳስ አስያዝኩ፤ ሰፈሩ በሙሉ የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል እኔ ብቻ ያለኝ ኳስ! እሱም በምትኩ ሁለት የእንቁላል ጣይ ዶሮዎቹን አስያዘ፤ እናቱ ግን አያውቁም። ኳሷን መምህር ተረክበው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት። ዶሮዎቹ ቤታቸው ቀሩ።

ያ ዓርብ

ሰኔ 4 ጠዋት ሬዲዮ ያመጣው ወሬ ሌላ ሆነ። በዋዜማው ሌሊት ሶዌቶ ውስጥ ትልቅ ኮንሰርት ነበር። ከዚያ ስትመለስ የማንዴላ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ዜናኒ፣ በመኪና አደጋ ሞታለች። 13 ዓመት የሞላት በዚያው ሳምንት ነው፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። አዛውንቶች ሳይቀሩ መጥተዋል። መክፈቻው ተጀመረ። ከ1 ሺህ 500 በላይ ተወዛዋዦች ሜዳውን ሞሉት፤ ጄቶች ከላይ አለፉ፤ አንድ ግዙፍ ጢንዚዛ ኳስ እያንከባለለ ገባ። ከቅሉ ውስጥ አንድ ነገር ይወጣል ያለው ሰው ‹‹አላልኩም?›› ብሎ ጮኸ፤ ጢንዚዛን ግን ማንም አልገመተም። ሻኪራ መክፈቻው ላይ አልዘፈነችም፤ እሷ የዘፈነችው በዋዜማው ኮንሰርት ላይ ነው። ቩቩዜላው ሻይ ቤቱን እንደ ንብ ቀፎ አደረገው።

የማንዴላ ወንበር ግን ባዶ ነው። ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ተነስተው ማንዴላ በሐዘን ምክንያት መምጣት እንዳልቻሉ፣ ጨዋታው ግን እንዲጀመርና ሕዝቡ እንዲደሰት መልእክት እንደላኩ ተናገሩ። ከ84 ሺህ በላይ ተመልካች ያጨበጭባል። እኛ ጋ ግን ጸጥ አለ። ጎጃም ውስጥ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ድግስ እንደማይወጣ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ያላዩትን ልጅ ነው እንግዲህ የሚያዝኑት።

ጨዋታው ቀጠለ። ሻባላላ በ55ኛው ደቂቃ በግራ እግሩ ያስቆጠራትን ጎል ያየ ሁሉ ይረሳታል ብዬ አላስብም። ማርኬዝ በ79ኛው አቻ አደረገ። 1 ለ 1።

እንዳለቀ ያ የሰፈሬ ልጅ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አልመጡማ! ትክክል ነው፣ አሸንፏል። እኔም እንባዬ ቀርቧል፤ ስለ ማንዴላ ይሁን ስለ ኳሷ እስከዛሬ ለይቼ አላውቀውም። መምህር ግን እጁን ያዙት።

‹‹ልጄ፣ በሰው ሐዘን ውርርድ አይበላም›› አሉት።

‹‹መምህር፣ ተወራርደን የለ እንዴ?››

‹‹ተወራርዳችኋል። ግን የተወራረዳችሁት በሽማግሌ አቅም ላይ ነው፤ በልጅ ሞት ላይ አይደለም። ኳሷ ትቆይ።››

ኳሷ ቆየች። አንድ ወር ሙሉ መደርደሪያው ላይ ሆና የዓለም ዋንጫውን ተመለከተች።

ሐምሌ 4፣ እሑድ ማታ፣ ስፔንና ሆላንድ ለፍጻሜ ከመግባታቸው በፊት ሜዳው ላይ አንዲት ትንሽ ክፍት መኪና ታየች። ወፍራም ካፖርትና የፀጉር ኮፍያ የለበሱ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ባለቤታቸው ግራሳ ማሼል። እጃቸውን እያውለበለቡ ዞሩ። ሻይ ቤቱ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው! አዛውንቶቹ ወዲያው ቀን መቁጠር ጀመሩ። ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 4፣ ሠላሳ ቀን። ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ለምንቆጥረው ለኛ፣ ማንዴላ የወጡት በሠላሳው ነው። እሳቸው ይህን አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ማን ይሰማል!

መምህር ፍርዳቸውን ሰጡ። መክፈቻው ላይ አልመጡም፤ መዝጊያው ላይ መጡ። ስለዚህ ልክ እንደ መክፈቻው ጨዋታ አቻ ነው። ኳሷ የሁለታችሁም ናት። በማግስቱ ሐምሌ 5፣ ጾሙ ተፈቶ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲከበር፣ ሰፈሩ በሙሉ በዚያች ኳስ ተጫወተ።

ምስጢር ለምን ይጠበቃል?

ኋላ ጋዜጠኛ ስሆን የገባኝ ነገር አለ። የመክፈቻ ምስጢር በዘልማድ የሚደበቅ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ በ1996 አትላንታ ላይ ችቦውን ማን እንደሚለኩስ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መሐመድ አሊ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከጨለማው ሲወጣ ስታዲየሙ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። ቀድሞ ቢወራ ያ ድንጋጤ አይኖርም ነበር።

በተቃራኒው ከቤጂንግ 2008 መክፈቻ ቀደም ብሎ አንድ የደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን የልምምዱን ምስል አውጥቶ አዘጋጆቹን አስቆጥቷል። ከዚህ የተማሩት የለንደን ሰዎች በ2012 ሌላ ዘዴ ዘየዱ። ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል ልምምዱን ያዩትን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተመልካቾች ‹‹አደራ አታውሩብን›› ብሎ ለመናቸው፤ አብዛኛውም አደራውን ጠበቀ። በዚያ ምሽት የኦሊምፒኩን ባንዲራ ይዘው ከገቡት አንዱ የኛው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያዊ ከእንቅልፉ የነቃው ያኔ ነው!

ምስጢር ተጠብቆም ግን ነገር ሊበላሽ ይችላል። በ1994ቱ የአሜሪካ ዓለም ዋንጫ መክፈቻ ዳያና ሮስ ፍጹም ቅጣት ምት እንድትመታ፣ ጎሉም ለሁለት እንዲሰነጠቅ ነበር የታቀደው። ከጥቂት ሜትር ርቀት ሳተችው። ጎሉ ግን እንደ ታዘዘው ለሁለት ተሰነጠቀ!

የኛስ መክፈቻ?

የአገራችን ደጋፊ በሰው መክፈቻ ላይ ሲገምት ኖሯል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው በሶከር ሲቲ የተከፈተው ጥር 11 ቀን 2005 ዓ.ም፣ በጥምቀት ዕለት ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም ያውንዴ ላይ ደግሞ ካሜሩንና ቡርኪና ፋሶ በከፈቱበት በኦሌምቤ ስታዲየም፣ በዚያው ምሽት ዋልያዎቹ ከኬፕ ቨርዴ ተጫውተው 1 ለ 0 ተሸንፈዋል። የመክፈቻውን ድግስ ያህል ቀርበነው ነበር፤ ግን የእኛ አልነበረም።

የአፍሪካ ዋንጫን ያስተናገድነው ሦስት ጊዜ ሲሆን የመጨረሻው በ1968 ዓ.ም ነው። ተሰጥቶን የነበረው የ2020 ቻን ዝግጅቱ ስላልደረሰ ወደ ካሜሩን ሄደ። ስለዚህ አባቶቻችን ያዩትን እኛ አላየነውም። እኛ የምናውቀው የቴሌቪዥን መክፈቻ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አደይ አበባ ስታዲየም ላይ ‹‹እንኳን ደህና መጣችሁ›› ሲባል፣ መርጡለ ማርያም ሻይ ቤት ውስጥ ያለ የ12 ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይገምታል? ዋሽንት ነው የሚቀድመው ወይስ እምቢልታ? ችቦውን የሚይዘው ማን ነው? ይህን ልጅ ስለ ራሱ አገር መክፈቻ አለማወራረድ ትልቅ ዕዳ ነው።

ማንዴላ ያረፉት ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም ነው። ሽኝታቸውም በዚያው በሶከር ሲቲ ሆነ። የ2026ቱ ዕጣ የወጣበትን ቀን ከላይ ተመልሳችሁ እዩት፤ ኅዳር 26። ያ የውርርድ ባላጋራዬ ዕጣው በወጣ ማታ ደውሎልኝ ነበር። መምህር ዛሬ በሕይወት የሉም።

‹‹ሰኔ 4 ነው አሉ›› አለኝ። ‹‹አቻ ይወጣል በል፣ ዶሮዎቹን ላስይዝ?››