መልእክት ለቤት ስልክ

በገርጂ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ አሮጌ ቪላ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር በተቀመጠች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ የሚኖር የቤት ስልክ አለ። የቤቱ እመቤት የቆየ ወዳጄ ታላቅ እኅት በመሆናቸው እኔም እንደ እርሱ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ከስልኩ አጠገብ፣ በክር የታሰረ እርሳስ የተንጠለጠለበት፣ ሽፋኑ የላላ አንድ ደብተር ይቀመጣል። የስልኩ ቁጥር እንደ ሌላው የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ የቤት ስልክ ከ011 ቀጥሎ በ6 ይጀምራል፤ ሆኖም ያቺ 6 የተጨመረችው የከተማይቱ ቁጥሮች ባለ 7 አኃዝ በሆኑበት በመስከረም 1998 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ እትዬ ቁጥራቸውን ሲጠየቁ እስከ ዛሬ የሚናገሩት አሮጌውን ባለ 6 አኃዝ ነው።

ባለፈው ዓመት እትዬ፣ ስሙን መጥቀስ ለማያስፈልገኝ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲያስገቡ፣ በቅጹ ላይ «የስልክ ቁጥር» በሚለው ክፍት ቦታ ይህንኑ የቤታቸውን ቁጥር ጻፉ። ሦስት ወር ቢጠብቁም የደወለላቸው አልነበረም። በመጨረሻ ከዘራቸውን ይዘው ቢሄዱ፣ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ፣ «እማማ፣ መልእክት ልከንልዎት ነበር እኮ! ቀጠሮዎ አልፏል» አለቻቸው። «በማን እጅ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቷ ሳቀች፤ እትዬ ግን ጥያቄያቸው የምር ነበርና አልሳቁም።

እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ ከእርሳቸው ጋር ወገንሁ። «መልእክት» ስንል «ለአከ»፣ ማለት «ላከ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ቃል መናገራችን ነው፤ «መልአክ»ም ከዚያው ግስ የተወለደ ወንድሙ ነው። ላኪና ተቀባይ ብቻ ያለበት፣ በመካከሉ ግን ልዑክ የሌለበት መልእክት በቋንቋችን ሥር መሠረት የለውም። አጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ ሞባይል ሲላክ ልዑኩ መሣሪያው ራሱ ነው፤ ስክሪን አለው፣ ፊደል ያሳያል፣ ባለቤቱ እስኪያነበው ይጠብቃል። ወደ ቤት ስልክ ሲላክ ግን ከበሩ የሚቀበለው ስለማይኖር መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ስልክ ልዑክ ማበጀት ይቻላልን?

የቤት ስልክ ጠባይ ከሞባይል የሚለየው በሽቦው ብቻ አይደለም። «ስልክ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ሽቦ» ነውና፣ «ሽቦ አልባ ስልክ» የምንል ሰዎች ሽቦ የሌለው ሽቦ ማለታችን መሆኑን ልብ አንለውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል ከተዘረጋው መስመር አንሥቶ፣ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሚኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ በከተሞች እስከ ተስፋፋው ድረስ፣ ስልክ የገባው ለሰው ሳይሆን ለቤት ነበር። ደዋይም በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የእነ እገሌ ቤት ነው?» ብሎ ነው። የሚፈለገው ሰው ከሌለ፣ እቤት የተገኘው ልጅ ወይም ዘመድ ቃሉን ተቀብሎ፣ በክር ከታሰረው እርሳስ ጋር እየታገለ በደብተሩ ይጽፈዋል። በእትዬ ደብተር ውስጥ አሁን ጎልማሳ የሆኑት ልጆቻቸው በጎረቤት ልቅሶ፣ በማኅበር ቀንና በተሰረዘ ቀጠሮ የሞሏቸው ገጾች አሉ፤ አንዱ ገጽ ላይ «አንድ ሰውዬ ደውሎ ነበር፣ ስሙን ረሳሁት፣ ግን ተቆጥቷል» ይላል። ከዚህ የበለጠ ታማኝ የመልእክት ሣጥን አላየሁም።

ከዛሬው ስልክ በፊት በዚያ ቤት የነበረው ባለ ክብ መደወያ ሲሆን፣ እትዬ ልጆቹ እንዳይደውሉ በአንዱ ቀዳዳ ትንሽ ቁልፍ ያስገቡበት ነበር። ልጆቹ ግን እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በጣታቸው እየመቱ፣ ለ3 ሦስት ጊዜ፣ ለ7 ሰባት ጊዜ፣ ቁልፉ ሳይከፈት ይደውሉ ነበር። ሳያውቁት የስልክን ምሥጢር ደርሰውበታል፤ መደወያው በሽቦው ውስጥ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ኃይል በቁጥር ልክ ከማቋረጥ በቀር ሌላ ጥበብ አልነበረውምና። የስልክ ጥሪ መስመሩ የሚያውቀው ይህንንና የሰውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁንም ቢሆን በሰከንድ ከ300 እስከ 3400 ጊዜ ከሚርገበገበው ውጭ አያሳልፍም። ፊደል በዚህ ጠባብ በር ለማለፍ ከፈለገ ድምፅ መምሰል ይኖርበታል።

መምሰሉም አልቀረ። በአውሮጳ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቤት ስልክ አጭር መልእክት የሚያደርስ ሥርዓት ተሠርቶ ነበር። የመልእክት ማዕከሉ ወደ ቤት ስልኩ ሲደውል፣ ስክሪን ያለው ስልክ የማዕከሉን ቁጥር ለይቶ፣ ቤተ ሰቡን ሳያስነሣ መስመሩን በዝምታ ይከፍታል፤ ፊደሎቹም የወፍ ጫጫታ ወደሚመስል ድምፅ ተለውጠው፣ አንድ መልእክት በጥቂት ሰከንድ ይገባል። የደዋይን ቁጥር በቤት ስልክ ስክሪን ላይ የሚያሳየው አገልግሎትም ዘመዱ ነው፤ ቁጥሩ የሚሾልከው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የጥሪ ድምፅ መካከል ባለችው ጸጥታ ነው።

ይህ ሁሉ ግን አዲስ ስልክ መግዛትን ይጠይቃል። እንግሊዞች ለአሮጌው ስልክ የመረጡት መንገድ ለእኔ የበለጠ ያምራል። ማዕከሉ ራሱ ጽሑፉን አንብቦ በሰው ድምፅ ይናገር ነበር፤ የቤቱ ሰው እጀታውን ያነሣል፣ ይሰማል፣ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የብሪቲሽ ቴሌኮም ድርጅት ለጥቂት ወራት መልእክቶቹን ያስነበበው በቴሌቪዥን ተዋናይነቱ ዝነኛ በሆነው በቶም ቤከር ድምፅ ነበር፤ ተዋናዩ አስቀድሞ በስቱዲዮ የተናገራቸው ቃላትና ሐረጎች እየተገጣጠሙ፣ ባሏ «ዳቦ ግዢ» ብሎ የጻፈላት ሴት ትእዛዙን ከታላቅ ተዋናይ አፍ ትሰማ ነበር።

በእኛ አገር የጽሑፍ መልእክት ታሪክ አጭርና የተቆራረጠ ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመጣው አጭር መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ፣ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ጸጥ አለ። በ2000ዎቹ ደግሞ ሲዲኤምኤ የሚባለውና ሰው «ዋየርለስ» ብሎ የሚጠራው የጠረጴዛ ስልክ ወጣ፤ መልኩ የቤት ስልክ፣ ጠባዩ የሞባይል ሆኖ፣ አንቴናና ትንሽ ስክሪን ነበረው። የቤት ስልክና የጽሑፍ መልእክት በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የተቀራረቡት በዚያ ግማሽ ፈረስ ግማሽ አህያ በሆነ ፍጡር ላይ ይመስለኛል፤ ግን ሞባይሉ ቀደመውና ብዙም ሳይቆይ ከየሳሎኑ ወጣ። ዛሬ የሞባይል ደንበኛ ከ70 ሚሊዮን በላይ ሲሆን የመደበኛ ስልክ ደንበኛ አንድ ሚሊዮን አይሞላም።

በሞባይሉም ላይ ቢሆን ፊደላችን በውድ ነው የሚጓዘው። አንዱ አጭር መልእክት የሚይዘው ቦታ ለላቲን ፊደል 160 ሲበቃ፣ ለአማርኛ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሰፊ ስፍራ ስለሚወስድ የሚበቃው ለ70 ብቻ ነው። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ በወጉ የጀመረ ሰው ጉዳዩን ሳይነካ ከ40 ፊደል በላይ የሚሆን ቦታ ጨርሷል። ወጣቶቻችን ሰላምታውን ትተው በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ የለመዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እኔ ባልወደውም አልፈርድባቸውም።

ለእትዬ ስልክ የሚሆነው ልዑክ እንግዲህ ድምፅ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ነው፤ ገበሬው ማንበብ ቢያውቅም ባያውቅም ይደውላል፣ ቁጥር ይጫናል፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚሰማው ምክር በራሱ ቋንቋ ይነገረዋል። ይሁን እንጂ የዚያ መስመር ንግግር አስቀድሞ በሰው ድምፅ የተቀረጸ ነው። ዛሬ ማለዳ የተጻፈን፣ ማንም ያላነበበውን መልእክት ማሽን በአማርኛ ያንብብ ብንል ግን፣ ሌላ ተራራ ይገጥመናል።

ፊደላችን ብዙ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም አንድ ነገር ይደብቃል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው «ተናገረ» ይሁን «ይኖራል» ይሁን ዓይን አይለየውም። «ልጁ ይመታል» ቢባል የሚማታው እርሱ ይሁን የሚመቱት ሌሎች፣ «ይበላል» ቢባል በላተኛ ይሁን ምግብ፣ የሚታወቀው ሲነበብ ነው። በመዝገበ ቃላት አንዳንድ ጊዜ ከሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ይደረጋል፤ በስልክ መልእክት ግን ማን ነጥብ ያደርጋል? የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በንባብ ቤት ዓመታት የሚቆየው ስለዚህ ነው። ፊደሉን ከለየ በኋላ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚማረው ከብራናው ሳይሆን ከመሪጌታው አፍ ነው፤ ሲስትም ይመለሳል፣ ደግሞም ይቀጣል። ማይክሮሶፍት «አምሃ» እና «መቅደስ» ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ አንባቢ ድምፆች አሉት፤ እንዲህ ያለው ድምፅም የሚሠለጥነው ብዙ ሰዓት የሰው ንባብ በማዳመጥ ነውና፣ በዘመናዊው ንባብ ቤትም መሪጌታው ጆሮ ሆኖ ቀርቷል።

የእትዬ ጎረቤት የሆነ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ ባለፈው ኅዳር አንድ ነገር ሊያሳየን መጣ። ጥቅም ላይ የማይውል አሮጌ ኮምፒውተሩን፣ አስተሪስክ የተባለውንና ማንም በነጻ የሚወስደውን የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም፣ እንዲሁም የቤት ስልክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የእጅ መዳፍ የምታህል ሣጥን ይዞ፣ በሳሎኑ ወለል ላይ ተቀመጠ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጽሑፍ ለዚሁ በተለየች ቁጥር ሲገባ ኮምፒውተሩ ወደ እትዬ ስልክ ይደውላል፣ ሲነሣ ያነባል፤ 1 ቢጫኑ ይደግማል፣ 2 ቢጫኑ መልስ በድምፅ ይቀበላል። ስልኩን ራሱን አልነካውም፤ ዳንቴሉን ብቻ ወደ ጎን አደረገ፣ ያውም ከአስፈቀደ በኋላ።

መሣሪያው ሳይዘጋጅ መብራት ጠፋና ነገሩ ግማሽ ሰዓት ቆመ። ይህም የራሱ ትምህርት ነበረው። አሮጌው የመዳብ መስመር 48 ቮልት የሚሆን ኃይል ከቴሌ ማዞሪያ ራሱ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሰፈሩ በጨለማ ቢዋጥ የቤት ስልክ ይሠራል፤ አሁን በብዙ ሰፈር መዳቡን እየተካ ያለው ፋይበር ግን ብርሃን እንጂ ኃይል አያመጣምና፣ በቤት ውስጥ ያለው ሣጥን ባትሪ ከሌለው ስልኩ ከመብራቱ ጋር ይሞታል። በሌላ በኩል በፋይበር ድምፅም ጽሑፍም አንድ ዓይነት ዳታ ስለሆነ፣ ለቤት ስልክ መልእክት መጨመር እንደ መዳቡ ዘመን በጠባብ በር መሽሎክ አይሆንም። በቦሌ ያሉ ሱቆችና የጉዞ ወኪሎች ለራሳቸው መላ አግኝተዋል፤ የመደበኛ ስልካቸውን ቁጥር በዋትስአፕ ቢዝነስ ያስመዘግባሉ፣ የማረጋገጫው ቁጥር በጥሪ ይነገራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ መልእክቱ በኮምፒውተር፣ ንግግሩ በአሮጌው ስልክ ይመጣል። ለእትዬ ግን ይህ የማይሆን ነው፤ ሌላ ስክሪን ይፈልጋልና።

መብራት መጣ። ተማሪው ሜሪላንድ ላለው የእትዬ ልጅ ነግሮት፣ እርሱም መልእክቱን አስቀድሞ ጽፎ ኖሮ፣ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለእንግዳ እንደሚነሡ ሆነው እጀታውን አነሡ፤ እኛም እንድንሰማ ከጆሯቸው ራቅ አደረጉት። የሴት ድምፅ፣ ትንሽ የተጎተተ ግን የጠራ፣ «እማዬ ገና እመጣለሁ» አለ፤ «ገና»ንም አላልቶ አነበበው።

«ገና? ገና ማለት መቼ?» አሉ እትዬ። 1 ተጫኑ። ማሽኑ ያንኑ ደገመ። ተማሪው ቀላ፤ «እማማ፣ በዓሉን ማለቱ ይሆናል፤ አጥብቆ ማንበብ ነበረበት» አለ። «ወይስ ገና አልወሰነም?» አሉት። ማጥበቁንና ማላላቱን በዚህ ገጽ ላይ ላሳያችሁ ብል እኔም ከማሽኑ አልሻልም።

ሰዓቱ ከጧቱ 3 ሰዓት ነበርና ልጃቸው ባለበት አገር ሌሊት ነው፤ ሊቀሰቅሱት አልወደዱም። እትዬ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። ደብተሩን ሳቡ፣ እርሳሱን ከክሩ ጋር ጎተቱ፣ በአዲስ ገጽ ላይ «ገና እመጣለሁ» ብለው ጻፉ፤ ጥቂት አሰቡና ከ«ና» ራስ ላይ ነጥብ አደረጉባት፤ ከነጥቧ አጠገብ ደግሞ ትንሽ የጥያቄ ምልክት።