የመዝገብ አንድነትና የፕሮግራም እድሳት

ንጉሥና ሹም የሌለው ገንዘብ የሚጸናው፥ መዝገቡን የሚጠብቁት ሁሉ በአንድ ሕግ ሲስማሙ ብቻ ነው። ቢትኮይን በተባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ በማርች 2013 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል። 0.8 የተባለው አዲስ ፕሮግራም የተቀበለውን አንድ ትልቅ የሒሳብ ገጽ፥ አሮጌው 0.7 ሰው ባላወቀው ስውር ልክ ምክንያት አልቀበልም አለ፤ አንዱም መዝገብ ለጥቂት ሰዓት ሁለት ሆነ። በዚያም መካከል አንድ ሰው ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፈለበት። ጉድለቱ የአሮጌው ሳለ፥ አዲሱን ይዘው ገጽ የሚጽፉት ታላላቅ ማኅበሮች ስለ አንድነት ሲሉ የደከሙበትን ዋጋ ትተው ወደ አሮጌው ተመለሱ። ከዚያም 0.8.1 ወጥቶ፥ የቀሩት ሁሉ በዚያው ዓመት እስከ ሜይ 15 እንዲያድሱ ቀን ተቆረጠላቸው። እንግዲህ ማደስ የማይቀር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን እድሳት በኅብረት ካልሆነ መዝገብን የሚከፍል መሆኑን ማስተዋል ይገባል።