ለእንግዳ ያጨበጨበ ሜዳ

ስለ ስታዲዮም ወሬ ሲነሣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ሰው እንደሚይዝ ነው። የለንደኑ ዌምብሌ 90,000 ሰው ያስቀምጣል፤ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሚገኘው ማራካና በ1942 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ቀን ወደ 200,000 የሚጠጋ ተመልካች አጭቆ ነበር። እኛ የዘመኑ ወጣቶች እነዚህን ሜዳዎች በቴሌቪዥን መስኮት ስላየን፣ እግራችን ያልረገጠውን የመቀመጫ ረድፍ እንኳ በስሙ እንጠራለን። ይህን የምጽፈው እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። ጉዳዬን ከፈጸምሁ በኋላ «ዛሬ ኳስ አለ» ቢሉኝ ተነሥቼ ሄድሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድሁት ስታዲዮሙ አጓጉቶኝ ሳይሆን የከሰዓቱን ሙቀት ለመርሳት ነው። አንባቢ ይህን ትዕቢቴን ይቅር ይበለኝ፤ እዚያው ተቀጥቼበታለሁና።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ከደጋ ወደ ቆላ ብቻ ሳይሆን ከሩጫ ወደ ዕረፍትም ይወርዳል። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ደግሞ ከተማዋ እንደገና ይነጋላታል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለዓመታት ባቡሩ የሚቆምባት የመጨረሻ ጣቢያ እርሷ ነበረች። ወደ መኻል አገር የሚያልፈው እንግዳና ዕቃ እዚያ ወርዶ፣ እዚያ አርፎ፣ በበቅሎና በግመል ይቀጥል ነበር። እንግዳ መቀበል ለዚህች ከተማ ከልደቷ ጀምሮ የያዘችው ሙያ ነው።

ከከዚራ ዛፎች ሥር ባጃጅ ይዤ ዋጋውን ጠየቅሁ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና «ለድሬ ልጅ ሌላ ነው፤ ለእንግዳ ሌላ ነው» አለኝ። ለመከራከር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ለእንግዳ ይቀንሳል፤ አቦ ግባ!» ብሎ ሣቀብኝ። የአዲስ አበባን ታክሲ የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ አያምንምና፣ ስወርድ ገንዘቤን ሁለት ጊዜ ቈጠርሁት። በእውነትም ቀንሶልኝ ነበር።

በስታዲዮሙ በር ብርቱካናማ ማሊያ የለበሰው ደጋፊ ይተራመሳል፤ የድሬዳዋ ከተማ ቡድን ቀለም ነው። ለውዝ የሚሸጡ ልጆች በሰው እግር መካከል ይሽሎከለካሉ። ሽርጥ የታጠቁ አዛውንት ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተሰልፈዋል። ዳኛውን የሚወቅስ አንድ ሰው፣ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አጋምሶ በሶማልኛ ሲጨርሰው ሰማሁ፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ስለሣቁ ወቀሳው ያልገባው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የአዲስ አበባ ስታዲዮም ተመልካች መቀመጫውን «ጥላ ፎቅ»፣ «ካታንጋ»፣ «ሚስማር ተራ» እያለ በማዕረግ ይከፋፍለዋል። በድሬዳዋ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማዕረግ ጥላ ነው። እኔ ዘግይቼ ስለደረስሁ የደረሰኝ ፀሐዩ ነው።

ልቀመጥ ስል አንድ ጠና ያሉ ሰው ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ሲሚንቶው ያቃጥልሃል፤ ይህን አንጥፍ» ብለው የያዙትን ጋዜጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። የጽሑፍ ሰው ነኝና፣ ድካማችን ለሕዝብ በምን በምን እንደሚጠቅም ያን ቀን በደንብ ገባኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ከእረፍት በፊት ያየሁት ብዙም የሚያስጨበጭብ አልነበረምና፣ ወሬ ለመጀመር ያህል «ጋሼ፣ ይህ ሜዳ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋታ አይቶ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አቦ ልጄ፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?» አሉኝ። ተማሪነቱን ጨርሼ ዲግሪ መያዜን ልነግራቸው አስቤ፣ ለክብሬ ስል ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን፣ ወደ ቤቴ ተመልሼ በመዝገብ ካመሳከርሁት ጋር አጣምሬ ላቅርበው። በ1960 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ ጨዋታው የተካሄደው በአዲስ አበባና በአሥመራ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ዋንጫው እንደገና ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከአዲስ አበባ ጋር ተራው ለድሬዳዋ ደረሰ። የኢትዮጵያ ቡድን ከጊኒ፣ ከግብፅና ከዩጋንዳ ጋር አዲስ አበባ ላይ ተመደበ። ወደ ድሬዳዋ የወረዱት ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ናቸው። እነዚህም እንዲያው የመጡ ቡድኖች አልነበሩም። ሱዳን የ1962 ዓ.ም. ባለ ዋንጫ ናት። ዛየር የ1966 ዓ.ም. ባለ ዋንጫ ከመሆኗም በላይ በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ላይ የተሰለፈች ናት። የሞሮኮው አምበል አሕመድ ፋራስም ከአፍሪካ ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተብሎ በተሸለመ ማግሥት ነው የመጣው።

በዚያ የየካቲት ወር ድሬዳዋ ላይ ስድስት የምድብ ጨዋታዎች ተደረጉ፤ አሥራ ስምንት ግቦች ተቈጠሩ። ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 አሸነፈች። ሞሮኮና ሱዳን 2 ለ 2 ተለያዩ። ሞሮኮ ዛየርን፣ ናይጄሪያም ሱዳንን በተመሳሳይ 1 ለ 0 ረቱ። በመጨረሻም ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ስትረታ፣ ሱዳንና ዛየር 1 ለ 1 ወጡ። ከዚህ ሜዳ አልፋ የሄደችው ሞሮኮ መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ የመጀመሪያዋን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደች። የዋንጫው መንገድ የተጀመረው እንግዲህ እኔ ግማሽ ጋዜጣ አንጥፌ በተቀመጥሁበት ሜዳ ነው።

«እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ» አሉኝ ሽማግሌው። «የኛ ቡድን አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ያሉት አራቱም እንግዶች ናቸው። ለማን እንጩኽ? ብለን የሰፈር ልጆች ተጣላን። አንዱ ለሱዳን አለ፣ ጎረቤት ነው ብሎ። ሌላው ለዛየር አለ፣ የዓለም ዋንጫ ያየ ነው ብሎ። አባቴ ይህን ሰማና ምን አለን? ‘ለሚሸነፈው ጩኹለት፤ ያሸነፈውማ አገሩ ይጮኽለታል’ አለን።»

አባታቸው የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ እንደ ነበሩ ነገሩኝ። ከዚህ ላይ ወሬው ሌላ በር ከፈተ። የዚያ ፋብሪካ ቡድን፣ ሰው በአጭሩ «ኮተን» የሚለው፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ የቡድናችን አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎም የኮተንን ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል። የአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ደግሞ፣ በጥር 1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ከቀረቡት አራት ክለቦች አንዱ ይኸው የድሬዳዋ ቡድን ነበር። በማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተረትቶ ተመለሰ፤ ዋንጫውንም የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደው። የማንቸስተርን ተጫዋቾች ከነተቀያሪዎቻቸው የምቈጥር እኔ፣ አንድ የአገሬ ፋብሪካ ቡድን በአፍሪካ አራት ውስጥ መግባቱን የሰማሁት በሃያ ጥቂት ዓመት ዕድሜዬ፣ ያውም ከመቀመጫ ጎረቤቴ ነው። ቅጣቴ ያልሁት ይህን ነው።

ከእረፍት መልስ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። የሽማግሌው አባት ቃል አልለቅ አለኝ። በ1968 ዓ.ም. ድሬዳዋ አገር ለሌላቸው ባይሆንም፣ አገራቸው ለራቃቸው አራት ቡድኖች ቤት ሆናለች። ከዚያ ወዲህ ምን ደረሰ? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳሩን ስታዲዮም ደረጃውን አላሟላም ብሎ ሲያግድ፣ ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ጨዋታዋን የምታደርግበት ሜዳ አጣች። ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ በየሰው አገር እየዞረ ለዓመታት አደረገ። ዋንጫውን ሦስት ጊዜ ያስተናገደች አገር እንግዳ ሆነች ማለት ነው።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። በተማሪዎች አዳራሽ ቴሌቪዥኑን ከበን ስንጮኽ ጣራው የሚነሣ ይመስል ነበር። ጩኸቱ ጋብ ሲል አንድ ጓደኛዬ «ይህ ሁሉ ባዶ ወንበር የማን ነው?» አለ። ሜዳው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ የሚገኘው ነበር። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን የረታን በገዛ ሕዝባችን ፊት ነው፤ ዋንጫውንም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በገዛ እጃቸው ለአምበሉ ሰጥተዋል። ያን ድል ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ «እኔ እዚያ ነበርሁ» ይላሉ። የእኔ ትውልድ ግን ስለ ሊሎንግዌው ድል «በቴሌቪዥን አየሁት» ከማለት በቀር ምን ይላል? ለልጆቻችንስ የትኛውን መቀመጫ እናሳያቸዋለን?

እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ የሁለተኛ ቀን ብር፣ የሦስተኛ ቀን ጨርቅ ነው ይባላል። እንግድነት ለሰውም ለቡድንም ሲረዝም አይጥምም። የሚጠየቀው መሥፈርት ደግሞ ሣሩን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ፣ የሐኪም ክፍል፣ ለማታ ጨዋታ የሚበቃ መብራት፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ወንበር፣ ለጋዜጠኞች የሥራ ቦታ፣ ሕዝብ በችኮላ የሚወጣባቸው በሮች፣ እነዚህ ሁሉ ይቈጠራሉ። አዲስ አበባ ላይ ከ60,000 ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበው ብሔራዊ ስታዲዮም ግንባታ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ያለን ስለዚህ ነው። ሆኖም አዲሱን መሥራት አሮጌውን ከመጠበቅ ጋር ካልተያያዘ፣ ዛሬ የምንኮራበትም ነገ የሚታገድ ይሆናል። ያማረ ሜዳ የሚበላሸው በአንድ ቀን አይደለም፤ አንድ የተሰበረ ቧንቧ «ነገ ይጠገናል» ከተባለበት ቀን ጀምሮ ነው።

ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ሙያዋን አልረሳችም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መጫወት ሲጀምሩ፣ ከአስተናጋጆቹ አንዷ እርሷ ሆናለች። ከሰሜንም ከደቡብም የመጡ ክለቦች፣ ሁለቱም እንግዳ ሆነው፣ እዚህ ሜዳ ላይ ተገናኝተዋል። ሽማግሌው እንዲህ ያለውንም ጨዋታ እየመጡ እንደሚያዩ ነገሩኝ። «ለማን ይጮኻሉ ታዲያ?» ብላቸው፣ «ነግሬሃለሁ እኮ፣ ለሚሸነፈው!» አሉኝ።

በስተመጨረሻው ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገባች፤ የሜዳው መብራት በራ፤ የደረቀው አየር ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። የእንግዳውን ቡድን ስም አልጠራም፤ ተጫዋቾቹ ሙቀቱን ያልለመዱ ስለነበሩ እግራቸው ከብዶ ነበር። ድሬዳዋ ከተማ 1 ለ 0 ይመራል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የእንግዶቹ አንድ ልጅ ከሩቅ የመታት ኳስ በረኛውን አልፋ መረቡን ነካች። ስታዲዮሙ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ከጎኔ ጭብጨባ ሰማሁ። ብርቱካናማ ሻርፕ በአንገታቸው የጠመጠሙት ሽማግሌ፣ በገዛ ቡድናቸው ላይ ለተቈጠረችው ግብ ብቻቸውን ያጨበጭባሉ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ጎረምሳ ዞሮ በቊጣ አያቸው። «ምን ታየኛለህ? ቆንጆ ናት!» አሉት። ጎረምሳው ትንሽ አሰበና ራሱን ነቅንቆ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። እኔም ተከተልሁ።

ስንወጣ ያነጠፍሁትን ግማሽ ጋዜጣ አንሥቼ ልመልስላቸው አልሁ። «ያዘው፤ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ያስፈልግሃል» አሉኝ። ጋዜጣው አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በገዛ ሕዝቡ ፊት ሲጫወት ለማየት በምሄድበት ቀን፣ በየትኛውም ከተማ ቢሆን ይዤው እሄዳለሁ። ያን ቀን ሽማግሌውን ባላገኛቸው እንኳ፣ አጠገቤ ለሚቀመጠው ለማላውቀው ሰው ግማሹን ከፍዬ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያም በ1968 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የሆነውን፣ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ።